ሆራስ ዲግል ሟቹን ሲሪልን ከጭልፊት እንዳዳኑ

ኃያሉ ሆራስ ዲግል የአውቶቡስ መሪ አስረክበው ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት፣ የቤታቸው አሸንዳ ማፍሰስ በጀመረ በሁለተኛው፣ ዘመኑ ዘመነ ውርጭ፣ ዕለቱ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ማክሰኞ ሆኖ ሳለ፣ በሰሜን እንግሊዝ በአክልሾ ከተማ፣ በሸማኔ ረድፍ በሚባል መንደር የተደረገውን ነገር፣ ያልሰሙ እንዲሰሙት፣ የሰሙትም እንዳይጨምሩበት፣ እንዳየነው እንጽፋለን። ያላየነው ጥቂት ነው። እርሱንም ከታመነ ሰው ጠይቀናል።

ይህም ሆራስ፣ ሞገሰ ጓሮ፣ ዐምደ አጥር፣ ቲማቲምን በመስታወት ቤት የሚያሳድጉ፣ ሻይን ያለ ስኳር የሚጠጡ፣ ከገበያ እስከ ሆስፒታል ሲነዱ በኖሩበት ዘመን ማንንም በሰዓቱ ያላደረሱ፣ ነገር ግን እየሮጠ የመጣን ሰው ጥለው ያልሄዱ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሆዳቸው የተከበረ፣ ልባቸውም በአንድ ነገር ብቻ ፈሪ የሆነ ሰው ነበሩ። ያም ነገር ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ባልቴት፣ ሚስስ ዊኒፍሬድ ሆልት ናቸው።

የሚስስ ሆልት ባል ሲሪል በሕይወት ሳሉ ከሆራስ ጋር ጦርነት ነበራቸው፤ የጦርነቱም ምክንያት ይኸው አጥር ነው። አጥሩ የቁጥቋጦ አጥር፣ የሆራስ ንብረት፣ ወደ ሰማይ የሚያድግ ሲሆን፣ ሲሪል በየእሑዱ አካፋቸውን ተደግፈው ከማዶ ቆመው፣ «ቁረጠው! ፀሐዬን በላኸው እኮ! ሰው አይደለህም እንዴ?» ብለው ያውጁ ነበር። ሆራስም በየእሑዱ፣ «የምን ፀሐይ? አክልሾ ላይ ፀሐይ አይተህ ታውቃለህ?» ብለው አጸፋውን ያስነግሩ ነበር። ሁለቱም አልዋሹም። በመጨረሻም ሲሪል ታመው፣ ሚስታቸውን ወደ አልጋው ጠርተው፣ «ያንን አጥር…» ብለው ነገሩን ሳይጨርሱ ዐረፉ።

ከቀብር መልስ ሕዝቡ ሳንድዊች በመብላት ላይ ሳለ፣ ደረቱ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ፣ ሮቢን የሚሉት፣ መጥቶ ሲሪል መሬት ላይ እንደሰኩት በቀረው አካፋ እጀታ ላይ ተቀመጠ። በዚያ አገር የሞተ ሰው ቤቱን ሊጠይቅ ሲሻ በሮቢን አምሳል ይመጣል ይባላል፤ ቄሱ አያስተምሩትም፣ አይከለክሉትምም። ሚስስ ሆልትም ሳንድዊቻቸውን አስቀምጠው፣ «ውይ ሲሪል! በዚህ ብርድ ያለ ኮት!» ብለው ዐወጁ፤ ለቀስተኛውም ሁሉ ቆብ አወለቀ። ሆራስ ሊጠራጠሩ ፈልገው ነበር። ነገር ግን ወፉ እርሳቸውን ባየ ጊዜ ደረቱን ነፍቶ፣ ጅራቱን አቁሞ፣ አጥሩ ላይ ወጥቶ እየተንቀጠቀጠ ጮኸባቸው። ሆራስም፣ «አዎ። እሱ ነው» አሉ።

ከዚያም ወዲህ ሚስስ ሆልት ሲሪልን በየማለዳው የደረቀ ትል በማንኪያ ይመግቧቸው ጀመር። ሲሪል በሕይወታቸው ከቋሊማ በቀር የሚበሉት አልነበረም፤ ሞት ጣዕምን እንዲህ ይለውጣል። የቀረውን ልብሳቸውን ሚስስ ሆልት ለበጎ አድራጎት ሱቅ ሲሰጡ ከሁሉ አንድ ነገር አስቀሩ፤ ይኸውም ግራጫ የሱፍ ኮፍያ፣ በጫፉ ላይ ብርቱካን የሚያህል ቀይ የሱፍ ኳስ የተሰፋበት ነው። እርሱንም በአጥሩ አናት ላይ አሳልፈው፣ «ሚስተር ዲግል፣ ራስዎን እንዳይበርድዎት» ብለው ለሆራስ ሰጡ። ሆራስም ኮፍያውን እንደ ዘውድ ጫኑት፤ ከተጫነም በኋላ በምግብ ሰዓት፣ በጸሎት ሰዓት፣ እንዲያውም እንደሚባለው በገንዳ ውስጥ ሳሉ አላወረዱትም።

ሲሪል ይህን አልታገሡም። ሆራስ ወደ ጓሮ በወጡ ቁጥር ከአካፋው ላይ ተነሥተው እንደ ተወርዋሪ ድንጋይ በሆራስ ራስ ላይ ይወርዱ፣ ቀዩን ኳስ ይነክሱ፣ ላባቸውን አስነሥተው ይሳደቡ ነበር። ሚስስ ሆልትም ነገሩን ሲተረጉሙ፣ «ኮፍያዬን መልስ እያለዎት ነው፤ እሱ ዕቃው ሲነካ አይወድም» ይሉ ነበር። ሆራስ ግን አልመለሱም። የተሰጠ ዘውድ አይመለስም።

አሁን ምስጢሩን እንናገር። በዚያች ከተማ ጡረተኞች በየዓመቱ በግንቦት በአንድ ትልቅ አውቶቡስ ወደ ሞርካም ባሕር ይወርዳሉ፤ በዚያም አሳና የተጠበሰ ድንች ከአንድ ወረቀት ላይ ይበላሉ፣ ባሕሩን ያያሉ፣ ዝናብ ይመታቸዋል፣ ይመለሳሉ። ሆራስ በዚያ ጉዞ ከሚስስ ሆልት ጎን መቀመጥን ከመንግሥት ሁሉ አብልጠው ተመኙ። ከብዙ ቀን ጭንቀት በኋላም ጫማቸውን ወልውለው፣ በአጥሩ ሥር ባልዲ ገልብጠው ቆመው፣ «ሚስስ ሆልት፣ ለባሕሩ ጉዞ መስኮት በኩል ወንበር አለ፤ ማለቴ፣ ሰው ካልያዘው፣ ያው… ነፋሱ ለሳንባ ጥሩ ነው ይላሉ» ብለው ዐወጁ። ሚስስ ሆልትም ጉንጫቸው ቀልቶ፣ «ቆይ እስቲ ሲሪልን ልጠይቀው» አሉ፤ ጠየቋቸውም። ሲሪል በአካፋው እጀታ ላይ ዞረው ጀርባቸውን ሰጡ፤ ሰጥተውም ከኋላቸው ነጭ ነገር ጣሉ። «አልወደደውም፣ ሚስተር ዲግል» አሉ ሚስስ ሆልት። ሆራስም ከባልዲው ወረዱ።

በዚያው ወራት ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ጭልፊት በሸማኔ ረድፍ ላይ ነገሠች። ክንፏ አጭር፣ ዐይኗ ቢጫ፣ እግሯ ቀጭን፣ ምሕረቷ የለም። አመጣጧ የሌባ ነው፤ በአጥሩ ሥር ሥር ዝቅ ብላ መጥታ፣ በድንገት በአጥሩ ላይ ዘልላ፣ ኦቾሎኒ በሚለቅሙት ድንቢጦች መካከል ትወድቃለች። በመግቢያችን ባነሣነው ማክሰኞ የሚስስ ሆልት ሣር የርግብ ላባ ለብሶ ተገኘ። ርግቡ አልተገኘም።

ሚስስ ሆልትም በሌሊት ካባቸው ወጥተው፣ እስከ ቆሻሻ መኪናው ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሰዎች፣ ስሙኝ! ዛሬ ርግብ ነው፣ ነገ ሲሪል ነው! አንድን ባል ሁለት ጊዜ አልቀብርም! ከየት አመጣለሁ ያን ሁሉ ሳንድዊች?» ብለው ዐወጁ፤ ካወጁም በኋላ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ፊታቸውንም በካባው እጅጌ ሸፈኑ። ይህን ያየ ማንም አልሳቀም። ሆራስም ከዚህ ወገን ደረታቸውን ነፍተው፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ሲሪል አይሞትም!» ብለው ማሉ። መሐላውን ከጨረሱ በኋላ ሲሪል አስቀድመው መሞታቸው ትዝ አላቸው። ነገር ግን አዋጅ ከወጣ ወጣ።

በሆራስ ሌላ ወገን የሚኖር ዴዝመንድ የሚሉት ሰው አለ፤ ሥራው አጥር ተደግፎ የሌላውን ሥራ ማየት ነው። እርሱም ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ፣ «አንተ ሆራስ፣ ምን ነካህ? ጭልፊቷ ሥራህን ልትሠራልህ መጣች፣ አንተ ታባርራታለህ? ሲሪል ከተበላ እኮ ባሕሩ ያንተ ነው!» አለ። ሆራስ ያን ቀን ከኀሳብ የተነሣ ምሳ አልበሉም ይባላል። ቋሊማ ግን በልተዋል።

ጭልፊትን መግደል በዚያ አገር በሕግ ክልክል ነውና፣ ሆራስ በማስፈራራት ሊዋጓት ቆረጡ። በማግስቱም ዘመቱ። የዘመቻውም አሰላለፍ እንዲህ ነበር፦ ከፊት ሆራስ ከነዘውዳቸው፤ በቀኝ እጃቸው ጃንጥላ፤ በግራ የገበያ ዘንቢል፤ ከኋላ ደጀን ሜጀር የተባለው ድመታቸው፣ ሆዱ ሣር የሚጠርግ፣ ወፍ ሲያይ ዐይኑን የሚጨፍን፣ እርሱም እስከ በሩ ሸኝቷቸው ቀዝቃዛ ሆኖ ስላገኘው ተመለሰ። ከአትክልት ዕቃ መደብርም ነፋስ ሲነካው አንገቱን የሚያዞር የፕላስቲክ ጉጉት ገዝተው፣ ጉጉቱን አቅፈው፣ ቀድሞ ይነዱት በነበረው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሹፌሩ ቀድሞ የእርሳቸው ተለማማጅ የነበረ ነውና፣ በተሳፋሪው ሁሉ ፊት፣ «ጋሼ ሆራስ፣ አንተስ በጡረታ ካርድህ በነጻ ነህ፤ ይሄ ጓደኛህ ግን ገና ጡረታ የወጣ አይመስለኝም፣ ትኬት ይቁረጥ!» ብሎ ዐወጀ። ሆራስ ጉጉቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ጉጉቱ ዞሮ ሹፌሩን አየው።

ጉጉቱ በሆራስ ጓሮ ባለው የአትክልት መሣሪያ ቤት ጣሪያ ላይ በክብር ተሾመ። ድንቢጦቹ ፈርተው ሸሹ። ርግቦቹ ሸሹ። ሜጀር ከአልጋ ሥር ገባ። ጭልፊቷ ግን ከሰዓት በኋላ መጥታ፣ ጉጉቱን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ በጉጉቱ ራስ ላይ ተቀምጣ፣ ከሌላ ጓሮ ያመጣችውን ድንቢጥ እየነጨች በላች፤ ነፋስም ሲመጣ ከነጉጉቱ እየዞረች የሸማኔ ረድፍን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተች። ዴዝመንድም፣ «ዘበኛ ገዛሁ አልክ እንጂ ወንበር ነው የገዛህላት! ያውም የሚሽከረከር!» ብሎ በመንደሩ ሁሉ አስነገረ።

ሆራስም አላረፉም። ሚስስ ሆልት ከሲሪል ጋር ሲደንሱባቸው የኖሩትን የሙዚቃ ሲዲዎች ሰጥተዋቸው፣ እርሳቸውም በገመድ አንጠልጥለው በዛፎቹ መካከል አንጸባረቁባት፤ ጭልፊቷ መልኳን አይታ ላባዋን አበጠረች። ከዚያ በኋላ ወንበር አውጥተው ራሳቸው ዘብ ቆሙ። ይህ ዘመቻ በእንቅልፍ ተፈታ።

ወእምዝ፣ ታላቁ ቀን ደረሰ። ማለዳ ነው። ሆራስ በመስታወት ቤታቸው ውስጥ ለቲማቲም ችግኝ መትከያ የሚሆኑ ማሰሮዎችን ያጥቡ ነበር፤ የጦር ልብሳቸውም ከላይ ሹራብ፣ ከታች የሌሊት ሱሪ፣ ከእግር የጎማ ቦት፣ ከራስ ያው ዘውድ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ሲሪል በአካፋው ላይ ሆነው በማንጎራጎር ላይ ሳሉ ጭልፊቷ በአጥሩ ላይ ዘለለች። ሲሪልም መሸሻ አጥተው፣ ምድርን ታክከው፣ በክፍቱ በር ወደ ጠላታቸው ቤት ገቡ። ጭልፊቷም ተከትላ ገባች። ሲሪል በአንድ ዘንበል ብሎ በተገለበጠ ማሰሮ ሥር ተወሸቁ፤ ጭንቅላታቸውና ግማሽ አካላቸው ግን አልገባላቸውም። ጭልፊቷ ከመስታወቱ ተጋጭታ፣ በቲማቲም ችካል ላይ ዐርፋ፣ ትንፋሿን ሰበሰበች።

ሦስቱም በአንድ ቤት ሆኑ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቁም። በሩ ከሆራስ ጀርባ ነው፣ ቅርብ ነው። ወጥተው፣ በሩን በቀስታ መለስ አድርገው፣ ወደ ቤት ገብተው ሻይ ማፍላት ይችሉ ነበር። የሚያያቸው የለም። ሕጉም ጭልፊትን አትንካ ይላል። በዚያች ቅጽበት ባሕሩ መጣባቸው፤ መስኮት በኩል ያለው ወንበር መጣባቸው፤ በአንድ ወረቀት ላይ ያለው አሳና ድንች ከነሽታው መጣባቸው። ወደ ማሰሮውም አዩ። ሲሪል በአንድ ጥቁር ዐይናቸው ያዩዋቸው ነበር። የልመና አስተያየት አልነበረም። ያው የእሑዱ አስተያየት ነው፤ አጥሩን ቁረጠው የሚለው።

ሆራስም ከሆዳቸው ሥር አቃስተው፣ «አይ አንተ የተረገምክ ሲሪል!» ብለው ዐውጀው፣ ጉልበታቸው ሲንቋቋ እስከ ዴዝመንድ ቤት እየተሰማ ተንበርክከው፣ ማሰሮውን ከነሲሪል በሆዳቸው ከልለው፣ በክንዳቸው አጥረው፣ ጀርባቸውን ለጠላት ሰጡ። ጭልፊቷ ምርኮዋ ከዐይኗ ተሰወረ። በምትኩ ታላቅ የሹራብ ተራራ ተነሣ፤ በተራራውም ጫፍ ላይ ቀይ፣ ክብ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር አየች። ወረደችበት። ጥፍሯንም በሱፉ ውስጥ አስገብታ ጎተተች፤ ሆራስ ወደ ምድር ተደፍተው፣ «ውሰጂው! ውሰጂውና ጥፊ!» እያሉ ጮኹ፤ ዘውዱም ከራሳቸው ተለየ። ጭልፊቷ ዘውዱን ይዛ በበሩ ወጥታ፣ በአጥሩ ላይ አልፋ፣ ክብደቱ እየጎተታት እስከ ዴዝመንድ ጣሪያ ደርሳ፣ ሱፉ በቴሌቪዥን አንቴናው ቢያዝባት አጥብቃ ታግላ፣ ንቃ ትታው ሄደች።

ሚስስ ሆልት ጩኸቱን ሰምተው የማንኪያቸውን ትል እየበተኑ ደረሱ።

«ሚስተር ዲግል! ሲሪል የታለ?»

«ከሥሬ ነው!»

«ተኝተውበታል?!»

«ሸፍኜው ነው!»

«ይነሡ! ይነሡለት እንጂ! ያንን ሁሉ ሆድ ይዘው!»

ሆራስ ግን መነሣት አልቻሉም፤ ጉልበታቸው ተቆልፎ ነበርና። ዴዝመንድ ተጠርቶ፣ «ጦሩን ያሸነፈ ጀግና በጉልበቱ ሲማረክ ዛሬ አየሁ» እያለ በአንድ ብብታቸው፣ ሚስስ ሆልት በሌላው ገብተው አነሧቸው። ሲሪልም ከማሰሮው ሥር ወጥተው፣ አንድም ላባ ሳይጎድላቸው፣ በሆራስ ቦት ላይ ረግጠው አልፈው፣ በአካፋው ላይ ተቀምጠው ዘመሩ። ምስጋና አላቀረቡም። በሕይወታቸውም አያውቁበትም ነበር። ሚስስ ሆልት ግን የሆራስን ራቁት ራስ ረጅም ጊዜ አይተው፣ ከካባቸው ኪስ መሐረብ አውጥተው፣ የተጫረውን ቦታ ጠረጉላቸው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲሪል በሆራስ ራስ ላይ አንድም ጊዜ አልወረዱም። እንዲያውም ሆራስ ሲቆፍሩ አጠገባቸው ቆመው ትል ይጠብቁ ጀመር። ሚስስ ሆልትም፣ «ኮፍያውን ስለለቀቁለት ነው፤ ታረቃችሁ» ብለው ዐወጁ። ዴዝመንድ፣ «የምን መልቀቅ! ኮፍያው የኔ አንቴና ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኔ ዝናብ ብቻ ነው የሚያሳየኝ!» ቢልም የሰማው አልነበረም። ሆራስ ግን ስለ ባሕሩ ጉዞ ደግመው አላነሡም። ያደረጉትን ውለታ ዋጋ ማድረግ አልወደዱም፤ ይህ ከጦርነቱ ይበልጣል እንላለን።

ውርጩም አለፈ። አንድ ማለዳ ሚስስ ሆልት ትላቸውን ይዘው ቢወጡ፣ በአካፋው እጀታ ላይ ሮቢኖች ሁለት ሆነው አገኙ። አንዱ ሲሪል ነው። ሁለተኛዋ አፏን ከፍታ፣ ክንፎቿን እያርገበገበች ትለምናለች፤ ሲሪልም ትል ለቅመው በአፏ አጎረሷት። ሚስስ ሆልት ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ።

«ሲሪል ሆልት! በኔ ጓሮ! በዚያ አካፋ ላይ!» ብለው ዐወጁ፤ ድምፃቸውም በሸማኔ ረድፍ መስኮት ሁሉ ገባ። «እኔን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ የቋሊማ ጫፍ አጉርሰኸኝ ታውቃለህ?»

ሲሪል ደግመው አጎረሱ።

ሆራስ ባልዲያቸው ላይ ቆመው ሁሉን ያዩ ነበር። ሚስስ ሆልትም ማንኪያውን ከምድር አንሥተው፣ በካባቸው ጠርገው ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ሰው አልሰማም ነበር። ከዚያም ወደ አጥሩ ቀና ብለው፣ «ሆራስ» አሉ። ሚስተር አላሉም። «ሆራስ፣ ያ የባሕር ወንበር አሁንም መስኮት በኩል ነው? አሳውን ግን አንተ ነህ የምትገዛው።»

ሆራስ ከባልዲው ወደቁ። ወድቀውም ሳሉ፣ «ነው! መስኮት በኩል ነው!» ብለው ከምድር ዐወጁ።

ከደስታቸውም ብዛት፣ ለሲሪል የሰላም ቃል ኪዳን ይሆን ዘንድ፣ በዕድሜያቸው ሁሉ ያልነኩትን አጥር ሊቆርጡ ትልቁን መቀስ ስለው ወጡ። ገና አንድ ቅርንጫፍ ሲይዙ ሲሪል ከአጥሩ ውስጥ ፈንድተው ወጥተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ጅራታቸውን አቁመው ጮኹባቸው። ሆራስ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ቢያዩ ሲሪል ከአዲሲቱ ሙሽራ ጋር በአጥሩ መካከል ጎጆ ሠርተዋል። «አሁን ደግሞ አትቁረጠው ነው የምትለኝ?» አሉ ሆራስ፤ መቀሱንም ዝቅ አደረጉ። አጥሩ እስከ ዛሬ ያድጋል። ሚስስ ሆልትም በአናቱ ላይ መነጋገር ስላልቻሉ፣ ዞረው በሆራስ ዋና በር ይገባሉ።

በግንቦት አውቶቡሱ ሲነሣ ዘውዱ በዴዝመንድ አንቴና ላይ እንደ ሰንደቅ ይውለበለብ ነበር፤ ጭልፊቷም በፕላስቲክ ጉጉቷ ላይ ሆና ሸኘች። እንግዲህ የሸማኔ ረድፍ ሰዎች፣ የሌሎችም ረድፎች፣ ኃያሉን ሆራስን አክብሩ፤ ሰይፍ ሳይመዙ ላሸነፉ፣ ዘውዳቸውን ሰጥተው ራስ ለገዙ፣ ጠላታቸውን በሆዳቸው ከልለው ላዳኑ፣ ጉልበታቸውም ለከዳቸው ክብር ይሁን። ባሕሩ ላይ ዘነበ። ሁለቱም በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው ከአንድ ወረቀት በሉ፤ የመጀመሪያውንም አሳ፣ ይህን ዴዝመንድ ከኋላቸው ባለው ወንበር ሆኖ አይቶ መስክሯል፣ ሆራስ በገዛ እጃቸው ሚስስ ሆልትን አጎረሷቸው።